«ምስር» አገር ወይስ ከተማ? የአንዲት መዲና ስሞች በኪታቦቻችንና በልዩ ልዩ ቋንቋዎች

ኢማም አሽ‐ሻፊዒይ (ረሒመሁላህ) ያረፉት በ204 ዓ.ሂ. በረጀብ ወር መጨረሻ ነው። የት አረፉ ለሚለው ጥያቄ የሕይወት ታሪካቸውን የጻፉ ዑለማእ የሚሰጡት መልስ አንድ ቃል ነው፤ «በምስር»። ይህ ቃል ወደ አማርኛ ሲመለስ ግን ሁለት መንገድ ይይዛል። አንዳንዱ «በግብፅ» ይላል፤ ይህ ሐሰት ባይሆንም ጸሐፊው ካሰበው ይሰፋል። ሌላው «በካይሮ» ይላል፤ ይህ ደግሞ በዛሬ ካርታ ትክክል ነው፤ መቃብራቸው በዛሬይቱ ካይሮ ክልል ውስጥ ነውና። በዘመናቸው ግን ሊሆን የማይችል ነገር ነው። ካይሮ የምንላት አልቃሂራ የተቆረቆረችው ኢማሙ ካረፉ ከ154 የሂጅራ ዓመታት በኋላ ነው።

ነገሩ የስም ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልተጨነቅንበት። ሆኖም ከዚህ ስሕተት ሌላ ስሕተት ይወለዳል። «ኢማሙ አዲሱን መዝሀባቸውን በካይሮ አስተማሩ» ብሎ የሰማ ደረሳ፣ ካይሮ ሲባል ፈጥኖ የሚታወሰው አልአዝሀር ነውና፣ ኢማሙን አልአዝሀር ውስጥ ያስቀምጣቸዋል። አልአዝሀር ግን ግንባታው በ359 ዓ.ሂ. ተጀምሮ በ361 የተከፈተ የፋጢሚዮች መስጊድ ነው፤ ያሠሩትም ሰዎች የኢስማዒሊያ ሺዓ ተከታዮች ነበሩ። ኢማሙ ያስተማሩት፣ አልቡወይጢ፣ አልሙዘኒና አር‐ረቢዕ አልሙራዲም ከእግራቸው ሥር የተቀመጡት በዐምር ኢብኑል ዓስ መስጊድ በፉስጣጥ ነው። በሁለቱ መካከል የዘመን ብቻ ሳይሆን የመንግሥትና የዐቂዳ ልዩነት አለ። ስለዚህ «ምስር» የሚለውን ቃል ከሥሩ መመርመር ለመምህሩም ለኢማሙም የሚጠቅም ሆኖ አግኝተነዋል።

በዐረብኛ «ምስር» በመጀመሪያ የወል ስም ነው። ትርጉሙ ወሰን፣ በሁለት ነገር መካከል ያለ ድንበር ማለት ሲሆን፣ ከዚያ ተነሥቶ የተወሰነችና የተደራጀች ታላቅ ከተማን ይገልጻል፤ ብዙው «አምሳር» ነው። በዑመር (ረ.ዐ) ዘመን ሠራዊቱ የሰፈረባቸው በስራና ኩፋ «አምሳር» ተባሉ፤ በሰሒሕ አልቡኻሪ ስለ ኢራቅ ሰዎች ሚቃት በተወራው ዘገባም «ሁለቱ ምስሮች» የተባሉት እነዚህ ሁለቱ ከተሞች ናቸው። የሐነፊ ፊቅህ የቀራ ሰው ይህን ትርጉም አይረሳውም። አልቁዱሪ በሙኽተሰሩ ጁሙዓ የሚጸናው በ«ምስር ጃሚዕ» ውስጥ ነው ሲል፣ የሚናገረው መስፈርቱን ስላሟላ ከተማ እንጂ ስለ ግብፅ አይደለም። ይህን ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ፈገግ ያሰኛል፤ ነገር ግን መዝገበ ቃላት ብቻ ይዞ ወደ ኪታቡ የሚገባ ጀማሪ ቃሉን «ግብፅ» ብሎ ቢተረጉመው፣ ከአባይ ማዶ ጁሙዓ የለም የሚል ፈትዋ በእጁ ይቀራል።

ቁርኣን ቃሉን አምስት ጊዜ ያነሣዋል። በሱረቱ ዩኑስ አንቀጽ 87፣ በሱረቱ ዩሱፍ አንቀጽ 21 እና 99፣ በሱረቱ አዝ‐ዙኽሩፍ አንቀጽ 51 የተነሣው አገሩ ነው፤ ቃሉም ያለ ተንዊን ይነበባል፤ የታወቀ ቦታ መጠሪያ መሆኑን ነሕው ይመሰክራል። በሱረቱ አልበቀራ አንቀጽ 61 ግን ተንዊን አለው። በኒ ኢስራኢል የአንድ ዓይነት ምግብ ሰለቸን ብለው የምድር ቡቃያ በለመኑ ጊዜ ወደ «ምስር» ውረዱ የተባሉበት ነው። ሙፈሲሮች እዚህ ላይ ተለያይተዋል። ቀታዳና ሙጃሂድን የመሰሉት ከከተሞች አንዱ ነው አሉ፤ አቡል ዓሊያ ግን የፊርዐውን አገር ነው አለ። ያለ ተንዊን የሚነበብ ቂርኣትም ከኢብኑ መስዑድና ከኡበይ ኢብኑ ከዕብ ይወራል። አጥ‐ጦበሪ የሁለቱን ወገን ክርክር ካቀረበ በኋላ፣ በንባቡ ረገድ የሙስሊሞች ሙስሐፎች በሙሉ የያዙት አሊፍና ተንዊን እንዲጠበቅ ወስኗል። የታወቀው የአማርኛ የቁርኣን ትርጉምም ይህን ልዩነት አውቆ ሄዷል፤ በአራቱ አንቀጾች ቃሉን «ምስር» ብሎ ትቶ፣ በአልበቀራው ግን «ከተማ» ብሎ ተርጉሞታል። መልካም አድርገዋል እንላለን። ባያደርጉት ኖሮ አማርኛችን ላይ ሌላ ችግር ይመጣ ነበር፤ በኒ ኢስራኢል ከለመኗቸው አዝርዕት አንዱ ምስር ነውና፣ ምስር የለመኑ ሰዎች ወደ ምስር ውረዱ ተባሉ ያሰኝ ነበር። እግረ መንገዳችንን፣ በቱርክኛም «ምስር» አገሩም የባሕር ማሽላውም ነው፤ ቱርኮች እህሉን በአገሩ ስም ጠሩት።

የአገሩ ስም ከእስልምና እጅግ ቀደም ብሎ በሴማውያን አፍ የነበረ ነው። አካዳውያን «ሙጽር»፣ ዕብራውያን «ሚጽራይም» ይሉት ነበር። የአገሩ ሰዎች ግን ራሳቸውን በዚህ ስም አልጠሩም፤ በቋንቋቸው አገራቸው «ከሜት»፣ በኋለኛው ቅብጥኛ «ኬሜ» ነበረች። የጥንት ጸሐፍት ስሙን ከሓም ልጆች ከተወለደ ምስር ከሚባል ሰው ያመጡታል፤ ይህ አገሮችን ሁሉ በአባት ስም የማስረዳት የቆየ ልማድ ስለሆነ ብዙ አንቆይበትም። በሰሒሕ ሙስሊም ከአቡ ዘር (ረ.ዐ) የተወራው፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቂራጥ የሚነገርባትን ምድር ትከፍታላችሁ፣ በሰዎቿም ላይ መልካም ሁኑ፣ የቃል ኪዳንና የዝምድና ሐቅ አላቸውና ያሉበት ሐዲስ የሚያወሳው ይህንኑ አገር ነው።

ታዲያ የአገሩ ስም እንዴት ወደ ከተማ ተሻገረ? ዐምር ኢብኑል ዓስ (ረ.ዐ) አገሩን ሲከፍት ዋና ከተማዋ እስክንድርያ ነበረች። ዐምርም እዚያው ሊቀመጥ አሰበ። ኢብኑ ዐብዲልሐከም በምስር የፈትሕ ታሪኩ እንደሚተርከው፣ ዑመር (ረ.ዐ) በእርሳቸውና በሙስሊሞቹ መካከል ውሃ እንዲያግድ አልፈለጉምና ሠራዊቱ ተመልሶ ከአባይ ምሥራቅ፣ ባቢሎን ከሚባለው የሮማውያን ምሽግ አጠገብ ሰፈረ። ይህች ሰፈር ፉስጣጥ ናት፤ መስጊዷም በ21 ዓ.ሂ. (642 እ.ኤ.አ.) ቆመ። እንደ በስራና እንደ ኩፋ ሁሉ እርሷም አንዲት «ምስር» ሆነች። እንግዲህ በምስር አገር ያለች ምስር ነበረች ማለት ነው። በእኛ አመለካከት የስሙ መሻገር የተመቻቸው እዚህ ላይ ነው፤ የወሉ ስምና የተጸውዖው ስም በአንድ ቦታ ተገናኙ፤ ከተማይቱን በወል ስሟ «ምስር» ያለ ሰው ሳያስበው የአገሩን ስም ጠራላት። ጂኦግራፈሩ አልሙቀደሲ በአራተኛው የሂጅራ ክፍለ ዘመን ከተሞችን በማዕርግ ሲከፍል «ምስር» የሚለውን ቃል ለታላላቆቹ ብቻ አቆይቶ፣ ፉስጣጥ ግን በማናቸውም ፍቺ ምስር እንደሆነች ጽፏል።

«ፉስጣጥ» የሚለውስ ከየት መጣ? በሰፊው የሚነገረው የርግቧ ታሪክ ነው። ዐምር ወደ እስክንድርያ ሊዘምት ድንኳኑን ሊነቅሉ ሲሉ ርግብ ጫጩቶቿን አስፈልፍላበት ተገኘች፤ እርሱም ተዋት አለ፤ ሲመለሱም «ወደ ፉስጣጡ» ማለትም ወደ ድንኳኑ ተባባሉና ስሙ ጸና። ታሪኩ ውብ ነው፤ የዐምርንም ርኅራኄ ያሳያል፤ በኹጥባ ቢነገር አይከፋንም። ነገር ግን እንደ ቋንቋ ማስረጃ ብቻውን አይበቃም። የቋንቋ ሊቃውንት ለዚህ ቃል ብዙ ዓይነት አነባበብ ይመዘግባሉ፤ በጧእም፣ በታእም፣ ሲኑ ጠብቆም፣ ፋእ በደማም በከስራም ይነበባል። እንዲህ የሚዋልል ቃል ብዙውን ጊዜ ከሌላ ቋንቋ የገባ ነው። በቁራ ኢብኑ ሸሪክ የአገረ ገዥነት ዘመን (90–96 ዓ.ሂ.) ከዲዋኑ በተጻፉ የግሪክኛ ፓፒረሶች ላይ ቦታው «ፎሳቶን» ተብሎ ይገኛል፤ ይህም በምሥራቅ ሮማውያን ዘንድ የጦር ሰፈር ማለት ነው። የላቲን መነሻውም በጉድጓድ የታጠረ ሰፈርን ያመለክታል። ዐረቦች ቃሉን በሻም ከሮማውያን ጦር ሰምተው ወስደውት፣ በአፋቸው «ድንኳን» እና «የሰዎች መሰብሰቢያ» የሚል ትርጉም ይዞ ኖሯል ቢባል ለእኛ ሚዛን ይደፋል፤ ከተማይቱ በተቆረቆረችበት ጊዜ ቃሉ ባዕድነቱ ተረስቶ ዐረብኛ ሆኗልና ከድንኳኑ ታሪክ ጋርም አይጣላም።

ስለ ምሽጉ ስም አንድ ነገር ሳንጨምር አናልፍም። በአባይ ዳር ባቢሎን መኖሯ ብዙዎችን ያስገርማል። የነቂዩስ ኤጲስ ቆጶስ ዮሐንስ በዘመነ ፈትሕ ዙሪያ የጻፈው ታሪክ ዛሬ የሚገኘው በግዕዝ ብቻ ነው፤ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ ተመልሷል። በዚህ መጽሐፍ ምሽጉን ሮማዊው ንጉሥ ትራያን እንዳሠራው፣ ከእርሱ በፊት ግን ናቡከደነፆር መሠረቱን ጥሎ በአገሩ ስም እንደጠራው ተጽፏል። ዐረቦች ስሙን «ባብ አልዩን» ብለው ሰምተው «ባብ» ያለውን በር አደረጉት። ስሙ በአውሮፓ ግን ረጅም ዕድሜ አገኘ፤ በመስቀል ጦርነቶች ዘመን የላቲን ጸሐፍት ሰላሑዲንን የመሰሉ ገዥዎችን «የባቢሎን ሱልጣን» ይሏቸው ነበር። እነዚያን ጽሑፎች የሚያነብ ሰው ኢራቅን እንዳይፈልግ ይጠንቀቅ።

ከፉስጣጥ በኋላ ሁለት የመንግሥት ሰፈሮች ተነሥተው አለፉ። ዐባሲዮች የመጨረሻውን የኡመያ ኸሊፋ መርዋንን በ132 ዓ.ሂ. በቡሲር ከገደሉ በኋላ በማግሥቱ ዓመት ከፉስጣጥ ሰሜን «አልዐስከር» (ሠራዊቱ) የሚሉትን ሰፈር ሠሩ። አሕመድ ኢብኑ ጡሉን ደግሞ በ256 «አልቀጣኢዕ» (ለጭፍሮች የተደለደሉት ቦታዎች) የተባለችውን ከተማ ቆረቆረ፤ ሥርወ መንግሥቱ በ292 ሲወድቅ ከተማዋ ፈረሰች፤ ታላቁ መስጊዱ ብቻ እስከ ዛሬ ቆሟል። የእነዚህ ሰፈሮች ስም በሕዝብ አፍ አልዘለቀም። ሰዎቹ በፉስጣጥ ገበያ ይገዙ ይሸጡ ነበር፤ ከተማቸውንም ምስር እንዳሉ ቀሩ።

አራተኛዋ አልቃሂራ ናት። የፋጢሚዮች የጦር አዛዥ ጀውሀር በ358 ዓ.ሂ. (969 እ.ኤ.አ.) አገሩን ይዞ ከነባሮቹ ሰፈሮች በስተሰሜን አዲስ ቅጥር ጣለ። በመጀመሪያ የወጣላት ስም «አልመንሱሪያ» ነበር። ኸሊፋው አልሙዒዝ በ362 ሲገባ ነው «አልቃሂራ» ያሰኛት፤ «አሸናፊዪቱ» ማለት ነው፤ ከተማ በዐረብኛ በሴት ጾታ ትጠራለችና ቃሉም የሴት ቅርጽ ያዘ።

ስለ ስያሜው በሰፊው የሚተረከው አልመቅሪዚ በኺጠጡ ያቆየው የቁራ ታሪክ ነው። ኮከብ ቆጣሪዎች መልካም ሰዓት እስኪደርስ ሠራተኞቹ መሠረት እንዳይጥሉ፣ ደወል የተንጠለጠለበት ገመድ በቅጥሩ ዙሪያ ተዘረጋ፤ ቁራ ገመዱ ላይ ሲያርፍ ደወሉ ጮኸ፤ ሠራተኞቹም ምልክቱ መስሏቸው ጣሉት፤ ያን ጊዜ የወጣው ኮከብ «አልቃሂር» የሚሉት መሪኽ ስለነበር ከተማዋ በእርሱ ተጠራች ይባላል። ይህን ታሪክ መስጊድ ውስጥ እንደ እውነት ሲነገር መስማታችን አልቀረም፤ ሁለት ነገር ግን ያፈርሰዋል። አንደኛ፣ አልመስዑዲ ይህንኑ የገመድ፣ የደወልና የወፍ ታሪክ ስለ እስክንድርያ መቆርቆር ጽፎታል፤ እርሱ የሞተው በ345 ዓ.ሂ. ነው፤ አልቃሂራ ከመወጠኗ 13 ዓመት በፊት። ታሪኩ ከከተማዋ ይቀድማል። ሁለተኛ፣ ጀውሀር መጀመሪያ ያወጣው ስም ሌላ ነበር፤ መሠረቱ በተጣለበት ሰዓት በወጣ ኮከብ ተጠራች ከተባለ እነዚያ ዓመታት ምን ይደረጉ? ይልቅ ማስረጃው ፋጢሚዮች በመጡበት በቀይረዋን አጠገብ አለ። የአልሙዒዝ አባት አልመንሱር በዚያ የሠራው ከተማ ስሟ አልመንሱሪያ ነበር፤ በሮቿም ባብ ዙወይላና ባብ አልፉቱሕ ይባሉ ነበር። ጀውሀር የጌታውን ከተማ ከነበሮቿ ስም ወደ አባይ ዳር አሻገራት። አልሙዒዝ ደግሞ የአባቱን ስም በራሱ ድል ቀየረው። ስሙ የገዥ ኩራት ነው፤ ኮከብ አላወጣውም።

ኩራቱም ለረጅም ጊዜ ከቅጥሩ አልወጣም። አልቃሂራ የኸሊፋውና የሠራዊቱ መኖሪያ ነበረች፤ ተራው ሕዝብ በምስር ይኖር ነበር። የፉስጣጥ አይሁድ በገኒዛ በተገኙት ወረቀቶቻቸው ከተማቸውን በዕብራይስጥ «ሚጽራይም» ይሏታል። በ564 ዓ.ሂ. (1168 እ.ኤ.አ.) ወዚሩ ሻወር መስቀለኞቹ እንዳይይዟት ፉስጣጥ እንድትቃጠል አደረገ፤ ብዙ ሰውም ወደ አልቃሂራ ገባ። ከዚያ ሰላሑዲን ሁለቱን ከተሞች በአንድ ቅጥር ሊያጥር ጀመረ። በዘመነ መማሊክ ኪታቦች «ምስርና አልቃሂራ» ተብሎ በ«ወ» ተያይዞ ሲመጣ አገርና መዲና ማለት አይደለም፤ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ከተሞች ናቸው፤ በዚያ ዘመን ለሁለቱ ለየብቻ ገዥ ይሾም ነበር። ቀስ በቀስ ሁለቱ ተቀላቀሉና «ምስር» የሚለው ስም ቅጥሩን ዘልሎ አዲሲቱን ከተማ ወረሰ፤ የቀድሞዋ ባለቤት «ምስር አልቀዲማ» (አሮጌዋ ምስር) ተባለች። ዑስማኒዮችም በሰነዶቻቸው «ምስር አልቃሂራ» ብለው ሁለቱን ስም አገናኙ።

ከእኛ አካባቢ የተነሡ ዑለማእም በዚህች ከተማ ታሪክ ውስጥ ስላሉ ቃሉ ለእኛ ባዕድ አይደለም። የ«ተብዪኑል ሐቃኢቅ» ባለቤት ፈኽሩዲን አዝ‐ዘይለዒ በ705 ዓ.ሂ. አልቃሂራ ገብተው አስተምረው በ743 አርፈዋል፤ የ«ነስቡ‐ር‐ራያ» ባለቤት ጀማሉዲን አዝ‐ዘይለዒም በ762 እዚያው አርፈዋል። አልመቅሪዚ ስለ ሐበሻ ሙስሊም ነገሥታት ትንሽ ሪሳላ ጽፏል። ቅድመ አያቶቹ ከጀበርት የመጡት፣ የአልአዝሀርንም የጀበርት ሪዋቅ የመሩት ታሪክ ጸሐፊው ዐብዱረሕማን አልጀበርቲ (1753–1825 እ.ኤ.አ.) ደግሞ ስለ ፈረንሳዮች መግባት ሲተርክ «ምስር» የሚለው ብዙውን ጊዜ ከተማዋን ነው። የእርሱን መጽሐፍ እየጠቀሰ «ግብፅ ገቡ» ብሎ የሚተረጉም ሰው፣ እስክንድርያ ላይ የወረዱትን ፈረንሳዮች ሁለት ጊዜ አገሩን ያስገባቸዋል።

በአማርኛ ሦስት ስም አለን። «ምስር» የቆየ ነው፤ በግዕዝ መጻሕፍትም ለአገሩም ለከተማዋም ይገኛል። «ግብፅ» በግሪክኛው «አይጉፕቶስ» በኩል መጣ፤ ዐረብኛው «ቅብጥ» የሚለውም ከዚሁ ነው። የግሪክኛው ምንጭ የጥንቷ ሜምፊስ የፕታህ ቤተ መቅደስ ስም ነው። እዚህ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ «ምስር» የአገር ስም ሆኖ ወደ ከተማ ወረደ፤ «ግብፅ» ደግሞ የከተማ ስም ሆኖ ወደ አገር ወጣ። ሦስተኛው «ካይሮ» የአውሮፓ እንግዳ ነው። ጣልያኖች «ኢል ካይሮ»፣ ስፓኞች «ኤል ካይሮ»፣ ፈረንሳዮች «ለ ኬር» ሲሉ ቢያንስ የዐረብኛውን «አል» በራሳቸው መስተአምር ጠብቀዋል፤ እንግሊዞች እርሱንም ጣሉት። ቃፉና ሃው በላቲን አፍ ጠፉ። አማርኛ ቀም ሀም አለው፤ «ቃዲ» ያለ አፍ «ቃሂራ» ማለት አያቅተውም ነበር፤ ነገር ግን ስሙን በጋዜጣና በካርታ በኩል ስለተቀበልነው የሌሎችን ጉድለት አብረን ወረስን። እንለውጠው አንልም፤ «ካይሮ» አማርኛ ሆኗል።

የከተማዋ ሰዎች ግን ዛሬም በዕለት ንግግር ከተማቸውን «መስር» ይላሉ። ከእስክንድርያ ተነሥቶ ወደ መዲናዋ የሚጓዝ ሰው «መስር ልሄድ ነው» ይላል፤ ባቡሩ የሚደርስበት ታላቁ ጣቢያም «መሐጠቱ መስር» ይባላል። በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የተሠራው ሰፈር «መስር አልጀዲዳ» ሲሆን፣ የዐምር መስጊድ ያለበት አሁንም «መስር አልቀዲማ» ነው። በንግግራቸው ቃፍን ወደ ሀምዛ የሚለውጡት እነዚሁ ሰዎች «አልቃሂራ» ሲሉ ቃፉን አጥብቀው ያወጡታል፤ የመዝገብና የመንግሥት ቃል እንደሆነ ከአነጋገራቸው ይታወቃል።

በሐለቃ ለሚያስተምሩ ወንድሞቻችን የምንመክረው ይህን ነው። ቃሉ ተንዊን ካለው፣ ወይም «አምሳር» እና «ጃሚዕ» ከሚሉት ጋር ከመጣ «ከተማ» ይባል። ስለ ፈትሕ፣ ስለ ኸራጅ፣ ስለ ሚቃት ሲነሣ አገሩ ነው። ከ358 ዓ.ሂ. በፊት ሰው ገባበት፣ ተማረበት፣ ሞተበት ሲባል ፉስጣጥ መሆኑ ይበረታል፤ «ምስር (ፉስጣጥ)» ብሎ መጻፍ ይበቃል። ከ«አልቃሂራ» ጋር በ«ወ» ከተያያዘ ያው ፉስጣጥ ነው። በዑስማኒዮች ዘመን ድርሳናት ግን ባመዛኙ ካይሮ ራሷ ናት። «አልምስሪ» የሚለው ኒስባ ከሁሉም ይከብዳል። ዙን‐ኑን አልምስሪ የኢኽሚም ሰው ነው፤ የምስር ሰዎች ኢማም የተባሉት አልለይስ ኢብኑ ሰዕድም የተወለዱት በቀልቀሸንዳ መንደር ነው፤ በእነርሱ ዘንድ ኒስባው ከተማውንም አገሩንም ሊይዝ ይችላልና የእያንዳንዱ ተርጀማ ለብቻው መነበብ አለበት።